በቆዳ ላይ የሚወጡ ጥቃቅን ቀያይ ነጠብጣቦች፦ መነሻቸው፣ የሚያሰጉበት ጊዜና መወሰድ ያለበት እርምጃ

በቆዳ ላይ ድንገት ብቅ የሚሉ ጥቃቅን ቀያይ ነጠብጣቦች በየቤቱ ብዙ ስም ይሰጣቸዋል። አንዱ ጎረቤት «ምች መትቶት ነው» ብሎ ዳማ ከሴ ያስቀጥፋል፤ ሌላው «ሙቀት ያወጣው ነው፤ ይተወዋል» ይላል፤ እናት ደግሞ ኩፍኝ እንዳይሆን ትሰጋለች። ነጠብጣብ ግን በራሱ በሽታ አይደለም፤ የበሽታ፣ የንክሻ ወይም የቆዳ መቆጣት ምልክት ነው። በመልክ ከሚመሳሰሉ ሁለት ነጠብጣቦች አንዱ በሦስት ቀን በራሱ የሚጠፋ፣ ሌላው በአንድ ቀን ውስጥ ሕይወት የሚያሳጣ ሊሆን ይችላል። በሽታውን መርምሮ ስም መስጠት የጤና ባለሙያ ሥራ ነው፤ ጊዜ ሳያልፍ ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ መወሰን ግን የቤተሰቡ ኃላፊነት ነው። ይህ ጽሑፍም ለዚያ ውሳኔ የሚረዳ መረጃ ለማቅረብ የተዘጋጀ ነው።

የአካባቢው አቀማመጥ ለመነሻዎቹ ብዛት የራሱ ድርሻ አለው። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከወልዲያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ወረዳው በምሥራቅ በኩል ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ ወደ ደጋው ከፍ ይላል። በትንኝ የሚተላለፉ የቆላ በሽታዎች፣ ከብርድና ከልብስ መደራረብ ጋር የሚመጡ የቅማል ወለድ በሽታዎች፣ እንዲሁም በገበያና በመናኸሪያ በትንፋሽ የሚዛመቱ በሽታዎች በአንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። በወረዳው በሚገኘው የጃራ መጠለያ ጣቢያ እንደታየው ተፈናቃዮች ተጨናንቀው በሚኖሩባቸው ስፍራዎች ደግሞ የኩፍኝና የእከክ ሥጋት ይበረታል።

በቅድሚያ ሊጠየቁ የሚገባቸው ሦስት ጥያቄዎች

የነጠብጣቡ ቅላት ወይም ብዛት ብቻውን የአደጋውን መጠን አይናገርም። ከዚያ ይልቅ የሚከተሉት ሦስት ጥያቄዎች ብዙ ይናገራሉ።

አንደኛው ጥያቄ፦ ነጠብጣቡ ሲጫኑት ይጠፋል ወይስ አይጠፋም? ጥርት ያለ የመስታወት ብርጭቆ በነጠብጣቡ ላይ ጠበቅ አድርጎ በመጫን በብርጭቆው ውስጥ መመልከት ይቻላል። ቀለሙ ለጊዜው ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ቅላቱ የመጣው የቆዳው ቀጫጭን የደም ሥሮች ሰፍተው ደም ስለሞላባቸው ነው፤ ሲጫኑት ደሙ ይሸሻል። ቀለሙ ሳይለወጥ ከቀረ ግን ደሙ ከሥሩ ወጥቶ በቆዳው ውስጥ ፈስሷል ማለት ነው፤ የፈሰሰ ደም በመጫን አይሸሽም። እንዲህ ያሉት የደም ነጠብጣቦች ብዙውን ጊዜ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጡም፤ ለዓይን ቀለል ያሉ ቢመስሉም ጥንቃቄ የሚያሻቸው ናቸው።

በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅላት ሁልጊዜ ቀይ ሆኖ አይታይም፤ ወይን ጠጅ፣ ቡናማ ወይም ከቆዳው ይልቅ የጠቆረ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ቆዳው ፈካ በሚልባቸው ቦታዎች መመልከት ይገባል፤ እነርሱም መዳፍ፣ ውስጥ እግር፣ የታችኛው የዓይን ሽፋን ውስጠኛ ክፍል፣ የአፍ ላንቃና ሆድ ናቸው። ፍተሻው በኩራዝ ብርሃን ሳይሆን በቀን ብርሃን ቢሆን ይመረጣል፤ ሌሊት ከሆነ የእጅ ባትሪ ይረዳል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ትኩሳት አለ ወይ? ትኩሳት ካለ መላ አካሉ ከአንድ ነገር ጋር እየታገለ ነውና ነገሩ ከቆዳ ያለፈ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ፦ በቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ተመሳሳይ ነገር አለበት ወይ? ቤተሰቡ በሙሉ የሚያክ ከሆነ መነሻው እከክ፣ ቁንጫ ወይም ትኋን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በሰፈሩ ብዙ ሕፃናት ትኩሳትና ሽፍታ ከያዛቸው ደግሞ ወረርሽኝ ሊሆን ስለሚችል ለጤና ኬላው ወዲያውኑ ሊነገር ይገባል።

ሲጫኑ የማይጠፉ ነጠብጣቦች

ከዚህ ወገን የሆኑት ሁሉ አስጊ አይደሉም። በኃይል የሳለ፣ ደጋግሞ ያስመለሰ ወይም በምጥ የቆየ ሰው ፊቱና አንገቱ ላይ ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦች ሊወጡበት ይችላሉ፤ ግፊቱ ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ስለሚሰብራቸው ነው። የውኃ ጀሪካን የታሰረበት ገመድ ትከሻን ሲያጠብቅም ተመሳሳይ ምልክት ይተዋል። እነዚህ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይጠፋሉ። ትኩሳት ያለበት ወይም የደከመ ሰው ላይ ግን ይህን ግምት ይዞ ቤት መቀመጥ ፈጽሞ አይገባም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው የማጅራት ገትር ነው። የዚህ በሽታ አንደኛው ባክቴሪያ ወደ ደም ሲገባ የደም ሥሮችን ስለሚጎዳ በእግር፣ በሆድና በደረት ላይ ሲጫኑ የማይጠፉ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ በሰዓታት ውስጥም እየሰፉ ወደ ጠቆረ ብልዝ ሊለወጡ ይችላሉ። ከነጠብጣቡ ጋር ድንገተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር፣ ማስመለስ፣ ብርሃን መጥላትና መቃዠት ይታያሉ። በሕፃናት ላይ አንገት መገተሩ ላይታይ ይችላል፤ በምትኩ ጡት እምቢ ማለት፣ የተለየ የቀጠነ ለቅሶ፣ መዝለፍለፍና የእርግብግቢት ማበጥ ይኖራል። ነጠብጣቡ ሳይወጣም በሽታው ሊኖር ስለሚችል ሌሎቹ ምልክቶች ከታዩ ነጠብጣቡን መጠበቅ አያስፈልግም።

ኢትዮጵያ ከሴኔጋል እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ በሚዘልቀው የአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1981 በአገሪቱ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ከ45 ሺህ በላይ ሰዎች በበሽታው ተይዘዋል። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ዜጎች በመላ አገሪቱ የተሰጠው ክትባት ዋነኛ የነበረውን «ኤ» የተሰኘውን ዝርያ በእጅጉ ገትቶታል፤ ሌሎቹ ዝርያዎች ግን አሁንም አሉ። በሽታው በብዛት የሚነሣው በደረቁና አቧራማው የበጋ ወራት ነው።

ሁለተኛው መነሻ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕላትሌት የተባሉት የደም ክፍሎች ማነስ ነው። ይህ በልዩ ልዩ ምክንያት ይመጣል፤ ከቫይረስ ሕመም በኋላ፣ በብርቱ ወባ፣ በጉበትና በጣፊያ ችግር፣ በአንዳንድ መድኃኒቶች ወይም በደም ካንሰር ምክንያት ሊሆን ይችላል። በእግር ላይ ከሚበዙት ነጠብጣቦች ጋር የድድና የአፍንጫ መድማት፣ ያለ ምክንያት የሚወጣ ብልዝና በሴቶች ላይ የበዛ የወር አበባ ይታያል። ትኩሳት ባይኖርም በዚያው ቀን የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው የእፉኝት ንክሻ ነው። በማጨድ፣ ድርቆሽ በመከመር ወይም ሌሊት ውኃ በመምራት ላይ ሳለ የተነደፈ ገበሬ ከሰዓታት በኋላ ድዱ ከደማ ወይም ቆዳው ላይ የደም ነጠብጣብ ከወጣ መርዙ የደሙን የመርጋት ኃይል እያጠፋው ነው። ቦታውን መብጣት፣ መምጠጥ ወይም በገመድ ማሰር ጉዳቱን ያብሰዋል። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፎ፣ ቀለበትና አምባር አውልቆ፣ ሰውየውን በቃሬዛ ወይም በመኪና ወደ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል።

አራተኛው የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው። ለወራት አትክልትና ፍራፍሬ ያልቀመሰ ሰው በእግሩ ጸጉር ሥር ዙሪያ ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦች ይወጡበታል፤ ድዱም ያብጣል፣ ይደማል። በዕርዳታ ስንዴ ብቻ የሚኖሩ ተፈናቃዮችና ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። ብርቱካን፣ ማንጎ፣ ቲማቲምና ጥሬ ቃሪያ መከላከያም መድኃኒትም ናቸው።

ትኩሳትና ሽፍታ አብረው ሲመጡ

ኩፍኝ በቅድሚያ ሊታሰብ ይገባል። በሽታው የሚጀምረው በከፍተኛ ትኩሳት፣ በሳል፣ በንፍጥና በዓይን መቅላት ነው። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ሽፍታው ከጆሮ ጀርባና ከፊት ይጀምርና ወደ ደረት፣ ወደ እጅና ወደ እግር ይወርዳል። በሽተኛው ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን አስቀድሞ ጀምሮ ከወጣ በኋላም እስከ አራት ቀን ድረስ ለሌሎች ያስተላልፋል። ሕመምተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ በአየሩ ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ብዙውን ጊዜ ለሞት የሚያበቃው ሽፍታው ሳይሆን ተከትሎት የሚመጣው የሳንባ ምች፣ ተቅማጥና የሰውነት መጎዳት ነው፤ ዓይንንም ሊያሳውር ይችላል። ለዚህም ነው ኩፍኝ የያዘው ሕፃን በጤና ተቋም ቫይታሚን ኤ የሚሰጠው።

በአካባቢያችን ልጁን በጨለማ ክፍል ዘግቶ ከምግብና ከመታጠብ መከልከል የቆየ ልማድ ነው። ብርሃን ዓይኑን ካስቸገረው ክፍሉን ማደብዘዝ አይከፋም፤ ምግብና ውኃ መከልከል ግን የተጎዳውን ሕፃን ይበልጥ ይጎዳል። ጡት፣ ሾርባ፣ አጥሚትና ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ መስጠት ይገባል። የኩፍኝ ክትባት በ9ኛው ወር ይሰጣል፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በ15ኛው ወር ሁለተኛ ዙር ተጨምሯል። በሰሜን ወሎ በጦርነቱ ጊዜ የጤና ተቋማት በመጎዳታቸውና አገልግሎት በመቋረጡ ክትባቱ ያመለጣቸው ሕፃናት ሊኖሩ ይችላሉ። የክትባት ካርዱን አውጥቶ ማየት፣ ካርዱ ከጠፋም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚመጡት በልብስ ቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻ ናቸው። ሁለቱም ሰው በተጨናነቀበት፣ ልብስ መቀየርና መታጠብ ባልተቻለበት ጊዜ ይነሣሉ። በ1977ቱ ድርቅ በመጠለያ ጣቢያዎች ከረኃቡ ጋር የብዙ ሰው ሕይወት የቀጠፉት ኩፍኝና እንዲህ ያሉት የቅማል ወለድ በሽታዎች ነበሩ። በተስቦ ጊዜ ብርቱ ትኩሳትና ራስ ምታት ከጀመረ ከአራት እስከ ስድስት ቀን ገደማ ሽፍታው በደረትና በሆድ ይጀምርና ወደ እጅና እግር ይሄዳል፤ ፊትን፣ መዳፍንና ውስጥ እግርን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። በግርሻ ጊዜ ትኩሳቱ ለቀናት ቆይቶ ይተውና ከሳምንት ገደማ በኋላ ይመለሳል፤ በደረትና በሆድ ላይ የደም ነጠብጣብ፣ የዓይን ቢጫ መሆንና የአፍንጫ መድማት ሊታዩ ይችላሉ።

ሁለቱም በቀላሉ በሚገኝ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይድናሉ። ነገር ግን የግርሻ በሽተኛ የመጀመሪያውን መድኃኒት ከወሰደ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ብርቱ ማንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ሊገጥመው ስለሚችል ሕክምናውን በጤና ተቋም ተኝቶ፣ በባለሙያ ዓይን ሥር ሆኖ መጀመር አለበት። ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በቤት መዋጥ በዚህ ምክንያት አደገኛ ነው። ልብስን በፈላ ውኃ መቀቀል ቅማሉንም እንቁላሉንም ይገድላል።

እዚህ ላይ ለቆላው ነዋሪ ልዩ ማሳሰቢያ አለ። በሀብሩ ቆላ ቀበሌዎች ትኩሳት ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው ወባ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ወባ በራሱ ሽፍታ የሚያወጣው ከስንት አንዴ ነው። የወባ ፈጣን ምርመራ ነጻ ካሳየና ሰውየው ነጠብጣብ ካለበት «ወባ አይደለም፤ ደኅና ነህ» ተብሎ ነገሩ ሊያበቃ አይገባም። ፈጣኑ ምርመራ የሚያየው ወባን ብቻ ነው፤ የግርሻ ተህዋስ ግን ለወባ በሚቀባው የደም ናሙና መስታወት ላይ በማይክሮስኮፕ ሊታይ ይችላል። ወባ ተገኝቶም ቢሆን ሲጫኑ የማይጠፋ ነጠብጣብ ካለ በሽታው የበረታ ወይም ሌላ ሕመም የተደረበበት ሊሆን ስለሚችል ነጠብጣቡን ለባለሙያው ማሳየት የግድ ነው።

ሌላው የደንጊ ትኩሳት ነው። በሽታው በኢትዮጵያ በላቦራቶሪ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬዳዋ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በአፋር ክልል ሎጊያና ሚሌ ተከስቷል። ከወልዲያ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ነጋዴውን፣ ሾፌሩንና የቀን ሠራተኛውን ከዚያ አካባቢ ጋር ያገናኛል። ደንጊ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ሕመም፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ቁርጥማት፣ ከዚያም ሽፍታ ያመጣል። አስጊው ጊዜ ትኩሳቱ ሲበርድ ነው፤ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ የድድ መድማት ወይም መዝለፍለፍ ከመጣ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ደንጊ በተጠረጠረ ጊዜ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ መድማትን ስለሚያባብሱ አይወሰዱም፤ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በቂ ነው። አስተላላፊዋ ትንኝ በቀን የምትናደፍ ስለሆነች የሌሊት አጎበር ብቻውን አይበቃም፤ በርሜልና ጀሪካን መክደን፣ ውኃ የሚያቁሩ አሮጌ ጎማዎችን ማስወገድ ያስፈልጋል።

ትኩሳት የሌላቸው፣ የሚያሳክኩ ነጠብጣቦች

እከክ ከእነዚህ መካከል ቀዳሚው ነው። በዓይን የማትታይ ተውሳክ ቆዳ ውስጥ ቦርቡራ እንቁላል ስትጥል ጥቃቅን ቀያይ ሽፍታዎችና በሌሊት የሚብስ ማሳከክ ይመጣሉ። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብት፣ በወገብ፣ በጡት ዙሪያና በብልት አካባቢ ይበዛል፤ በሕፃናት ላይ መዳፍን፣ ውስጥ እግርንና ራስንም ይይዛል። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ድርቅ ሳቢያ በአማራ ክልል በተነሣው ወረርሽኝ በ68 ወረዳዎች ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመርምረው ከ370 ሺህ በላይ የሚሆኑት እከክ ተገኝቶባቸዋል። ይህም የውኃ እጥረትና መጨናነቅ ሲገናኙ እከክ ምን ያህል ሊስፋፋ እንደሚችል ያሳያል።

ሕክምናው ፐርሜትሪን፣ ቤንዚል ቤንዞኤት ወይም የድኝ ቅባት ሲሆን፣ አይቨርሜክቲን እንክብልም ይሰጣል። እንክብሉ ለነፍሰ ጡሮችና ከ15 ኪሎ ግራም በታች ለሆኑ ሕፃናት አይታዘዝም። የሚያክም ነገር አግኝተውም ብዙዎች የማይድኑት የታመመው ሰው ብቻ ስለሚታከም ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሁሉ፣ ባያሳክካቸውም፣ በአንድ ቀን መታከም አለባቸው። ልብስና አንሶላ በሙቅ ውኃ ታጥቦ በብርቱ ፀሐይ ይሰጣ፤ ሊታጠብ የማይችለው በፌስታል ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ከሦስት ቀን በላይ ይቆይ። ተውሳኳ ከሰው ገላ ተለይታ ብዙ አትቆይም። የታከከው ቦታ ከመገለ ችግሩ እስከ ኩላሊት ሊደርስ ስለሚችል ሕክምና ያሻዋል።

ቁንጫና ትኋን የሚተዉት ምልክት ከዚህ ይለያል። የቁንጫ ንክሻ በአብዛኛው ከጉልበት በታች በዘለላ ይወጣል፤ የትኋን ንክሻ ደግሞ ሌሊት ባልተሸፈነ ገላ ላይ በመስመር ይደረደራል። የሙቀት ሽፍታ በአንገት፣ በደረትና በጀርባ፣ ላብ በሚታሰርበት ቦታ እንደ መርፌ ራስ እየሆነ ይወጣል፤ ገላውን ማቀዝቀዝና ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ መልበስ ይበቃዋል። ጭርት ጠርዙ ከፍ ያለ ክብ ሆኖ እየሰፋ ይሄዳል። ችፌ ደግሞ በክርንና በጉልበት እጥፋት ቆዳውን እያደረቀና እያሳከከ ይመላለሳል።

ገበሬን በተለየ የሚመለከተው ከፀረ ተባይ ኬሚካል የሚመጣው የቆዳ መቆጣት ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለማ ሰው ኬሚካሉ ከሚፈስበት ማርከሻ በጀርባው ተሸክሞ ሲረጭ ወገቡና ጀርባው ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ከወጣበት ልብሱን ወዲያው አውልቆ በብዙ ውኃና ሳሙና መታጠብ አለበት። ራስ ማዞር፣ የምራቅ መብዛት፣ ማስመለስ ወይም የእይታ መደብዘዝ ከተጨመረበት መርዙ ወደ ሰውነት ገብቷልና የኬሚካሉን ዕቃ ጽሑፍ ይዞ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ የሚወጣ ሽፍታም የተለመደ ነው። አዲስ መድኃኒት በጀመሩ ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ሽፍታ ከወጣ ለሰጠው ባለሙያ መንገር ያስፈልጋል። ከሽፍታው ጋር አፍና ዓይን ከቆሰሉ፣ ቆዳው ውኃ ከቋጠረ ወይም ከተላጠ ግን መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ ግድ ነው። የፊትና የከንፈር ማበጥ ወይም የመተንፈስ ችግርም እንዲሁ።

በቸልታ የሚታለፉ ምልክቶች

በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ የሚወጡ፣ የማያሳክኩና የማያሙ ነጠብጣቦች የቂጥኝ ሁለተኛ ደረጃ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ሽፍታው በራሱ ይጠፋል፤ በሽታው ግን በውስጥ ይቀጥላል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ለጽንሱም ይተርፋል። በፔኒሲሊን መርፌ ይድናልና በቅድመ ወሊድ ክትትል የሚደረገውን የደም ምርመራ አለመዝለል ይጠቅማል። በአንድ ወገን ብቻ በመስመር የሚወጣውና የሚያቃጥለው አልማዝ ባለጭራ በወጣት ላይ ከታየ፣ ወይም የሚያሳክክ ሽፍታ ለወራት አልለቅ ካለ የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ሕክምናው በነጻ ይሰጣል።

በተቃራኒው የማያሳስቡም አሉ። በተወለዱ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጤነኛ፣ ጡት በሚገባ የሚጠባ ሕፃን ላይ የሚታዩ ቀያይ ነጠብጣቦች ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይጠፋሉ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በደረትና በጀርባ ላይ የሚወጡት ክብ፣ ደማቅ ቀይና የማያሙ ጉብታዎች የደም ሥር እድገቶች ናቸው፤ ሕክምና አይፈልጉም። ትኩሳት ያለው ወይም ጡት እምቢ ያለ አራስ ግን ሽፍታው ምንም ይምሰል ምን ሳይዘገይ ይታይ።

መደረግ የሌለባቸው ነገሮች

ለሰብል የተሠራ ፀረ ተባይን ለቅማል፣ ለእከክ ወይም ለትኋን ብሎ ገላ፣ ልብስ ወይም መኝታ ላይ ማድረግ በቆዳ ገብቶ ሊገድል ይችላል፤ ሕፃናት ደግሞ ቶሎ ይጎዳሉ። ነጠብጣቡን በምላጭ መብጣት፣ በበረኪናና በባትሪ አሲድ መቀባት ቁስልና መመረዝ ያመጣል። ምንነቱ ያልታወቀ ሽፍታን ከመድኃኒት ቤት በተገዛ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ማሸት ጭርትንና እከክን ደብቆ ያስፋፋል። ዳማ ከሴ ማሽተት ለራስ ምታት ማስታገሻ ሆኖ ቢለመድም፣ ትኩሳትና የማይጠፋ ነጠብጣብ ያለበትን ሰው «ምቹ እስኪወጣለት» ብሎ አሳድሮ ማቆየት ሕይወት የሚያስከፍል መዘግየት ነው።

ወዴት፣ መቼ?

ትኩሳት ኖሮ ነጠብጣቡ ሲጫኑት የማይጠፋ ከሆነ፣ አንገት ከገተረ፣ ሰውየው ከተቃዠ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ ደም ከፈሰሰ፣ ወይም እፉኝት ከነደፈው ሌሊትም ቢሆን ጉዞ መጀመር አለበት። ቅርብ የሆነው ጤና ጣቢያ የመጀመሪያውን መርፌ ሰጥቶ ወደ ወልዲያ ሆስፒታል ሊያስተላልፍ ይችላል፤ በማጅራት ገትር ጊዜ ያ የመጀመሪያ መርፌ ከጉዞው በፊት መሰጠቱ ሕይወት ያተርፋል። በድንገተኛ ጊዜ የጤና መድኅን ደብተር ወይም የሪፈር ወረቀት ፍለጋ መዘግየት አይገባም፤ ደብተሩን ሌላ ሰው ተከትሎ ሊያደርሰው ይችላል።

ትኩሳት ኖሮ ነጠብጣቡ ሲጫኑት የሚጠፋ ከሆነ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መታየት ያስፈልጋል፤ ኩፍኝ ከተጠረጠረ ሕፃኑን ከሌሎች ልጆች ለይቶ፣ በር ላይ ለባለሙያው አስቀድሞ መናገር ይገባል። ትኩሳት የሌለውና የሚያሳክከው በጤና ኬላ ወይም በጤና ጣቢያ በቀጣዮቹ ቀናት ሊታይ ይችላል። በሰፈሩ ብዙ ሰው በተመሳሳይ ምልክት ከታመመ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ የስልክ መስመር 8335 ጥቆማ ይቀበላል።

ሕክምና ቦታ ሲደረስ የሚጠየቁት ጥያቄዎች አስቀድሞ ቢዘጋጁ ጊዜ ያተርፋሉ፦ ትኩሳቱና ሽፍታው የጀመሩት መቼ ነው? ሽፍታው ከየት ተነሥቶ ወዴት ሄደ? በቅርቡ ወደ አፋር ወይም ወደ ሌላ ቆላ የተጓዘ አለ? ምን መድኃኒት ተወሰደ? ኬሚካል ተረጭቷል? የሕፃኑ ክትባት ተሟልቷል? በቤቱ ሌላ የታመመ አለ? ነጠብጣቡ ሊጠፋ ስለሚችል በስልክ ፎቶ ማንሣት፣ የደም ነጠብጣቡን ዳርቻ ደግሞ በእስክሪብቶ አክብቦ ሰዓቱን መጻፍ እየሰፋ መሆን አለመሆኑን ለባለሙያው በግልጽ ያሳያል።

ብርጭቆ በየቤቱ አለ፤ ፍተሻውም ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ትኩሳት ያለበት የቤተሰብ አባል ላይ ነጠብጣብ በታየ ቁጥር ስሙን ለመገመት ከመከራከር በፊት ብርጭቆውን መጫን፣ ቀለሙ ካልጠፋም ነገ ሳይባል መነሣት ይገባል።